ለመስፍ የተለመነ አመድ

አባቴ ወደ እኔ ቤት ሲመጣ የያዘው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ማዳበሪያ ጓዝና አንድ መስፍ። ጓዙን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እኔው ተሸክሜ አወጣሁት። መስፉን ግን ወዛደሮቹ ከአይሱዙው አውርደው ደረጃው ሥር ካደረሱት በኋላ ቀና ብለው ፎቁን አዩ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ላቡን እየጠረገ፣ «እህቴ፣ ይሄ ነገር እዚሁ ምድር ላይ ቢኖር ምን ይላል?» አለኝ።

ምን እንደሚል ዓመት ሳይሞላ አየነው።

መስፍ ማለት ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስቀምጦ በመዶሻ የሚደበድብበት ድፍን ብረት ነው። የአባቴ መስፍ ከአንድ ጎረምሳ ይከብዳል፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ በአንድ በኩል እንደ ወይፈን ቀንድ የሾለ ነው። ሥራውን ካስተማሩት ሽማግሌ ወርሶ ከወሎ ይዞት መጣ። የድሮ ሰፈራችን ለልማት እስኪፈርስ ድረስ ቢላዋውንም፣ መጥረቢያውንም፣ የበር ማጠፊያውንም የሠራው በእሱ ላይ ነው። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች እኔን ያሳደጉኝ አባቴና ይህ ብረት ናቸው ብል አልዋሸሁም። ልጅ ሆኜ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የእሱ ድምፅ ነበር።

ችግሩ ደረጃ ሥር የተቀመጠ ነገር የማንም አለመሆኑ ነው፤ የማንም ያልሆነ ደግሞ የሁሉም ነው። ዘበኛው ወንበር አደረገው። ልጆች ዘለሉበት። ከሰል የሚሰብረው ሰበረበት። በበዓል ሰሞን ጎረቤቱ ቅርጫ ሲገባ፣ ወንዶቹ የበሬውን አጥንት እላዩ ላይ አጋድመው በመጥረቢያ ሲከሰክሱ ዋሉ፤ አጥንቱን የሳተ መጥረቢያ ሁሉ ያረፈው መስፉ ጠርዝ ላይ ነው። አባቴ ከላይ በረንዳ ላይ ሆኖ ያያል። ጎረቤት ማስቀየም አይወድምና «ይሁን፣ ለሥጋ ነው» ይላል። በመጨረሻ ምድር ቤት ሱቁን የሚያድስ ሰውዬ የተጣመመ ፌሮ ሊያቃና ትልቅ መዶሻ አንሥቶ ደጋግሞ ሲያወርድ አንዱን ቀንዱ ላይ አሳረፈው። እኛ ሻይ እየጠጣን ነበር። ድምፁ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጣ። አባቴ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «ሰበሩት» አለ።

ስንወርድ ቀንዱ ከግማሹ የለም። ፊቱ መሐሉ ላይ ሰርጉዷል፣ ጠርዙ ተሸራርፏል፣ ከዳር እስከ መሐል ደግሞ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ሰውዬው «ብረት አይደል እንዴ! ብረት ምን ይሆናል ብዬ ነው» አለ። እኔ ሾላ ገበያ የቤት ዕቃ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ምላሴ ለደንበኛም አይመለስም፤ የሚገባውን ሰጠሁት። ግን ስድብ ቀንድ አያበቅልም። ተሰብሮ የወደቀውን ቁራጭ ደግሞ እኛ እስክንወርድ ቁራሌው አንሥቶት ሄዷል። በነጠላ ጫማ እስከ አስፋልቱ አባርሬው፣ ጆንያውን አስፈትቼ፣ ከአሮጌ ድስትና ከተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር መሐል አወጣሁት። «ማዘር፣ ለዚች ቁራጭ ነው እንዲህ የሚሮጡት?» አለኝ። ቁራጩን ከመውሰዱ ይልቅ ማዘር ማለቱ አናደደኝ።

ስመለስ አባቴ መስፉን በመዶሻ ቀስ አድርጎ እየመታ ያዳምጥ ነበር። ደህና መስፍ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል፤ መዶሻውንም አንጥሮ ይመልሳል። ይህኛው እንደ ጭቃ ግድግዳ ድፍን አለ። እንደገና መታው፣ ጆሮውን አስጠግቶ። ከዚያ መዶሻውን ይዞ አራቱን ፎቅ ወጣ፤ በየፎቁ እያረፈ።

በማግሥቱ ጓዙ በማዳበሪያ ተቋጥሮ በሩ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት።

«አባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«አገሬ ልግባ ብዬ ነው። የወንድሜ ልጅ ና እያለኝ ነው።»

«እዚህ ምን ጎደለብዎት?»

«ምንም አልጎደለብኝም፤ አላህ ይስጥሽ። ግን ሥራ የሌለው ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ለሦስት ቀን ነው። እኔ ዓመት ልሞላ ነው።»

«መስፉ ቢጠገንስ?»

ማዳበሪያውን አየና «ከዳነ እቆያለሁ» አለ። «ካልዳነ ግን አትያዥኝ።»

የወንድሙ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፉ አይወጣኝም። ነገር ግን እኔ ከአባቴ ሌላ ሰው የለኝም። ባል ነበረኝ፤ ሄደ። በምላሴ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ የሚሉትን አውቃቸዋለሁ፤ እነሱም የሚገባቸውን አግኝተዋል። ምላሴን ችሎ የሚኖር አንድ ሰው ቢኖር አባቴ ነው። ስናገር ይሰማል፣ ስጨርስ «ጨረስሽ?» ይለኛል፤ በዚሁ ያልቃል። እሱ ከሄደ ያ ቤት ውስጥ ማንን ልናገር ነው? ፍሪጁን? ማዳበሪያው ግን በሩ ላይ ቆመ። ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ሾላ ስወጣ ይጠልፈኛል፤ ሁልጊዜ እሰድበዋለሁ። አንሥቼ ሌላ ቦታ ላስቀምጠው ግን አልደፈርኩም፤ የነካሁት እንደሆነ አባቴን የምሸኘው ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ መፍትሔ ፍለጋ የሄድኩት ቦሌ ነው፤ ቦሌ የሌለ ነገር የለም ስለሚባል። ዙሪያው መስተዋት በሆነ የመሣሪያ አስመጪ ቢሮ ገብቼ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ለልጅቷ አሳየኋት። በጣቷ እያሰፋች እያጠበበች አየችው። «ይሄ ፓርቱ ነው ወይስ ፉል ማሽኑ?» አለችኝ። ፉሉ ነው አልኳት። «ሶሪ፣ ሪፔር አንሠራም። ኒው ኦርደር ማድረግ ትችያለሽ።» ወጥቼ ሕንፃው በር ላይ ፎቶውን እንደገና ሳይ፣ ካፌው በረንዳ ላይ የተቀመጠ ጸጉሩን ያስረዘመ ሰው አንገቱን አስግጎ ኖሯል። ሥራው ካፌና ሆቴል ማስዋብ ነው። «ሲስተር፣ ይሄማ አንቲክ ነው! እንዳትነኪው። ስብራቱ ራሱ ነው ውበቱ። አበባ እናስቀምጥበታለን» አለኝ።

ማታ ለአባቴ ስነግረው ከስንት ጊዜ በኋላ ሣቀ። «አበባ!» አለ። «እኔም እኮ ተሰብሬያለሁ። ሁለታችንን አብረው ለምን አይወስዱንም?» እኔም ሣቅሁ፤ ወዲያው ግን ሣቄን ጠላሁት።

በመጨረሻ ያገኘሁት ሰው እዚያው አራብሳ፣ አስፋልቱ ዳር፣ በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ነው። ወፍራም፣ ደስተኛ፣ በዚህ ዓለም ላይ ከባድ ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው። መስፉን ዞር ዞር ብሎ አየና «ፋዘር፣ ይሄማ ቀላል ነው። ዩቲዩብ ላይ ሲጠገን አይቻለሁ» አለ።

«ያየኸው ሲጠገን ነው ወይስ ተጠግኖ ዓመት ሲሠራበት?» አለው አባቴ።

«ሲጠገን ነው። ሌላውን ክፍል ገና አላየሁትም።»

ያም ሆኖ አዘዝነው። አባቴ አሙቀህ በይደው ብሎት ነበር፤ በያጁ ኤሌክትሮዱ ራሱ ያሞቀዋል አለ። ቀንዱን ገጠመው፣ ስንጥቁን ሞላው፣ በግራይንደር አለሳለሰው፤ ማንም ሳያዘው ደግሞ ጥቁር ቀለም ቀባው። በባጃጅ ጭኖ ሲያመጣልን መስፉ ከኋላ ከብዶ የባጃጁ የፊት ጎማ መሬት አልነካ እያለ ነው የደረሰው። አባቴ ዞረው፣ በመዳፉ ዳሰሰው፣ ቀለሙንም አመሰገነ። ከዚያ መዶሻውን አነሣ። አንድ ጊዜ ሲመታው ስንጥቁ ጧ ብሎ በድሮ ቦታው ተከፈተ። ሁለተኛ ሲደግመው ቀንዱ ወልቆ በያጁ እግር አጠገብ ወደቀ።

«ፋዘር፣ ኃይል አበዙበት» አለ በያጁ እግሩን ሰብስቦ።

«መስፍ ነው እኮ ልጄ! ሊመታ ነው የተፈጠረው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሁለቱ እዚያው ደረጃ ሥር ተቀምጠው ይጨቃጨቁ ጀመር። አባቴ አሁን ደግሞ ብየዳ የሚባል ነገር አልፈልግም፣ ቀንዱን በእሳትና በመዶሻ ብቻ አያይዘዋለሁ አለ። በያጁ ሣቀበት፤ ይህን የሚያህል ብረት በዚህ ዕድሜ ቀጥቅጦ ሊያያይዝ እንደማይችል ነገረው፤ እውነቱን ነው። አባቴ ደግሞ ብርድ ላይ ያለ ብረት ድንገት እሳት ሲነካው እንደሚደነግጥ፣ ድንገት ሲቀዘቅዝም እንደሚሰነጠቅ ነገረው፤ እሱም እውነቱን ነው። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ነበሩ፤ አንድ ሙሉ ልክ ለመሆን ከሰዓቱን ሁሉ ፈጀባቸው። በመጨረሻ ተስማሙ። መስፉ መጀመሪያ በከሰል እሳት እስኪግል ይሞቃል፤ እንደጋለ ይበየዳል፤ ከዚያ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፤ እስከዚያ ማንም አይነካውም። የበያጁ ግቢ አጥር ስለሌለውና ቁራሌዎች ስለሚያንዣብቡበት ሥራው ከብሎካችን ጀርባ፣ የእድር ድንኳን በሚተከልበት ሜዳ እንዲሆን ተወሰነ።

አመዱ ግን ከየት ይምጣ? አባቴ የፈለገው በርሜል ሙሉ ነው። አሸዋስ አልኩት። «አሸዋ ይዋሻል፣ አመድ ነው የሚያስተኛው» አለኝ፤ አልገባኝም፤ አልጠየቅሁም። በብሎካችን መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ ከሰል ስለሚያነድ አመድ አይጠፋም። ሳፋ ይዤ ልወጣ ስል አባቴ ጠራኝ።

«ለምን እንደሆነ እንዳትናገሪ።»

«ለምን?»

«ሥራ ሳያልቅ አይወራም። ዓይን ይገባበታል። የሰው ዓይን ክፉ ነው።»

ይህን የሚለኝ አንጥረኛ ነው፤ በአገሩ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲፈራው የኖረ ሰው! እሱ ግን የጎረቤቱን ዓይን ይፈራል። እሺ አልኩና ከምድር ቤት ጀምሬ በር እያንኳኳሁ አመድ ለመንኩ። አሁን ሳስበው፣ በዚህች ከተማ አንዲት ሴት ከየቤቱ ጨው ብትለምን፣ ሽንኩርት ብትለምን፣ ልጅ አስተኚልኝ ብትል ማንም ደንታ የለውም። አመድ ግን የቤት ምድጃ ነው፤ ለማን እንደሰጡት፣ ምን እንደሚሠራበት ሳይታወቅ አይሰጥም። ያውም እኔ ለምንድን ነው ሲሉኝ «ለአባቴ ነው» እያልኩ ነው የዞርኩት። ሰጡኝ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ሰጡኝ። በሩን ሲዘጉ ግን ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሰማ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ሥራው ተጀመረ። በያጁ ጄኔሬተሩን አመጣ። አባቴ ከሰሉን አቀጣጠለ፤ የድሮው ወናፍ ከሰፈሩ ጋር ስለቀረ እሳቱን የሚያናፋ ነገር ሲቸግር የእኔ የጸጉር ማድረቂያ ተሠዋ። ሥራውን ሠርቶ እዚያው ሞተ፤ ነፍሱን ይማር። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ፣ በያጁ አማተበ። አንዱ ይበይዳል፣ ሌላው ገና እንደጋለ በትንሽ መዶሻ ይነካካዋል፤ እንደገና ይበየዳል፣ እንደገና ይነካካል። ከረፋዱ እስከ ቀትር አንድ ቃል አልተጨቃጨቁም። የአባቴን ጀርባ እንዲያ ቀጥ ብሎ ያየሁት ከድሮው ሰፈር ወዲህ ያን ቀን ነው። ሲጨርሱ በቆፈሩት ጉድጓድ አመድ አነጠፉ፣ መስፉን በሰንሰለት ጎትተው አስተኙት፣ የቀረውን አመድ ከመሩበት፤ ልጆች እንዳይረግጡት ደግሞ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርን። እስከ ሰኞ አይነካም አለ አባቴ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሑድ ጠዋት በመስኮት ወደ ሜዳው ሳይ ነው የገባኝ። ያ የሠራነው ነገር ከአራተኛ ፎቅ ሲታይ ምንም ጥርጥር የሌለው መቃብር ነው። ዙሪያውን ደግሞ ሰው ቆሟል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ፊት የቆሙት የብሎካችን የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክራፎን አራት ፎቅ የሚደርስ ትልቅ ሴት። ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በእጃቸው ጠበል የሞላ ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል። ከኋላቸው አመድ የሰጡኝ ሁሉ ሳፋና ባልዲ ይዘው ተሰልፈዋል።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ ሴትዮዋ፣ «ከየቤታችን አመድ ለቅመሽ ምን ቀበራችሁበት?»

«ብረት ነው፣ እትዬ።»

«ብረት ይቀበራል እንዴ? የሚቀበረው ሰው ነው። ሰው ካልሆነ መተት ነው።»

«እኔ አመዱን ከሰጠኋት ጀምሮ ልጄ እንቅልፍ የለውም!» አለች አንዷ ከኋላ።

«የእኔ ፍሪጅ ተበላሽቷል!» አለ ሌላው።

«አመዴን መልሺልኝ!»

እጄ አመድ አፋሽ ነው ሲባል እሰማ ነበር እንጂ እንዲህ በአካል ይመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም። ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር፤ ግን ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «እንኩ! የየራሳችሁን ለይታችሁ ውሰዱ!» አልኳቸው። ይህን ማለቴ ስሕተት ነበር። ሳፋቸውን ይዘው እውነት ለመለየት መጡ።

ክምሩ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ከእግሬ ሥር ሙቀቱ ገና ይሰማኛል። አመዱ ከተነሣ ነፋሱ መስፉን ይመታዋል፤ ጠበሉ ከፈሰሰበት ደግሞ ጧ የሚለውን ድምፅ አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። በሩ አጠገብ የቆመው ማዳበሪያ ዓይኔ ላይ መጣ።

«እንዳትነኩት! ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል! ከተሰነጠቀ ይሄዳል!» ብዬ ጮኽሁ።

«ይሂድ እንጂ!» አሉ ሴትዮዋ የጀሪካኑን ክዳን እየፈቱ። «እኛስ ይሂድ አይደል የምንለው?»

አባቴ ደረጃው ሥር፣ መስፉ ድሮ በነበረበት ቦታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ማንም አላየውም ነበር። ተነሥቶ መጣና በእኔና በሴትዮዋ መሐል ቆመ።

«እህቴ፣» አላቸው፣ «ክፉ ነገር አለ የሚሉት በብረቱ ላይ ነው ወይስ በእኔ ላይ?»

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። እንዲህ ያለው ነገር ከኋላ ይባላል እንጂ ፊት ለፊት አይባልም። ሴትዮዋም ድምፃቸው ወረደ። «እንግዲህ አባባ… ሰው ያወራል።»

«ያወራል። በአገሬም እየተወራብኝ ነው ያደግሁት። ቀን ያሙናል፣ ሲመሽ ማጭዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። አልቀየማቸውም።» ኮፍያውን አወለቀ። «እንግዲያው ብረቱን ይተዉልኝ። ታሞ ተኝቷል። የሚያፈሱትን በእኔ ላይ ያፍስሱት።»

«አባ! ብርድ ነው!» አልኩ።

«አብሽሪ፤ ውኃ ነው።»

ጎንበስ ብሎ መላጣውን ሰጣቸው። ሴትዮዋ አመነቱ። የእስላም ሽማግሌ አጥምቀው አያውቁም፤ ጀሪካኑን ይዘው ወደ ኋላም ወደ ፊትም አዩ፤ ግን ያን ሁሉ ሰው ሰብስበው እንዴት ይመለሱ? «በስመ አብ» ብለው አፈሰሱት። አባቴ ከሥር «ቢስሚላህ» ሲል ሰማሁት። ጠብታ ሳያስቀሩ አንቆረቆሩት።

 ያ ነገር ያለበት ሰው ጠበል ሲነካው ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፣ ማንን እንደበላ ይናገራል ይባላል፤ ሰዉ የሚጠብቀው ይህን ነው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል። አባቴ ቀና አለ። ውኃው ከጢሙ ወደ ኮሌታው ይወርዳል፤ የአራብሳ ነፋስ ደግሞ የጠዋቱ አይቻልም። ፊቱ ተጨማደደ። ዓይኑ ጠበበ። አፉ ቀስ እያለ ተከፈተ። ፊት የቆሙት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ባልዲ ወደቀ።

«እንጢሽ!»

«ይማርዎ!» አለ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ።

ማንም አስቦ አላለውም፤ ይህ ቃል ታስቦ አይባልም። ከሁሉም በላይ የተሰማው የሴትዮዋ ድምፅ ነበር፤ ባዶውን ጀሪካን እንደያዙ።

«ያኑራችሁ» አለ አባቴ። ደገመው። «እንጢሽ!»

«ይማርዎ!»

«ያኑራችሁ።»

በሦስተኛው አንዱ መሣቅ ጀመረ፤ ሣቁ ከሰው ሰው ሄደ። ያ ስልክ የያዘው ሰውዬ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሴትዮዋ ጀሪካኑን ወረወሩና ነጠላቸውን ከላያቸው ገፈው አባቴን ጠቀለሉት። «ኧረ ሰውዬውን ብርድ ገደለው! ምን ትገተራላችሁ? ማነው እንዲህ ያለ ውኃ ሰው ላይ የሚያፈስ በዚህ ብርድ!» እያሉ ሰዉን ሁሉ ተቆጡ። ዞር ብለው እኔንም ተቆጡ። 

አባቴ ያን ቀን አልጋ ላይ ዋለ። ሴትዮዋ አጥሚት አፍልተው አራቱን ፎቅ እያለከለኩ ወጡ፤ ቆመው አስጠጡት፤ ስኒውን ሲቀበሉት «ብረቱ እውነት ለምን ተቀበረ?» ብለው ጠየቁት። ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ሲወጡ በሩ አጠገብ ያለው ማዳበሪያ ጠለፋቸው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ብረቱ ካልዳነ እንደሚሄድ፣ እኔም ብቻዬን እንደምቀር፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ነጠላቸው ከአባቴ ጋር ስለቀረ በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ወረዱ።

ሰኞ ከሰዓት በያጁ መጣ። አመዱን ስንጠርግ ብሎኩ ሁሉ በረንዳ ላይ ነበር፤ ሳፋ የያዘ ግን አልነበረም። መስፉ ለብ ብሎ ወጣ። ስንጥቁ ተዘግቷል፣ ፊቱ ሞልቷል፤ ቀንዱ ግን ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሏል።

«ቀንዱ ሰማይ ሰማይ ያያል» አለ አባቴ።

«ፋዘር፣ ስታይል ነው» አለ በያጁ፤ እግሩን ግን አስቀድሞ ሰበሰበ።

አባቴ መዶሻውን አነሣ። በልጅነቴ ጸልዪ ጸልዪ ይለኝ የነበረው ነገር ያኔ ነው የመጣብኝ። መታው። ጮኸ። ልጅ ሆኜ የምነቃበት ድምፅ ራሱ ነው፤ ሜዳውን አቋርጦ ከፊታችን ካለው ብሎክ ተመልሶ መጣ። በያጁ ዘለለ፤ እኔም እቅፍ አደረግሁት፤ በኋላ አፈርኩ።  አባቴ ግን የመስፉን ፊት ዳሰሰ፣ ደግሞ መታ፣ ደግሞ አዳመጠ። እቆያለሁም እሄዳለሁም አላለም። መጠየቅ ፈራሁ።

ያኔ ሴትዮዋ ከምድር ቤት ጆንያ እየጎተቱ መጡ። መሬት ላይ ዘረገፉት፤ የእድሩ ድንኳን ካስማዎች ናቸው፤ ሁሉም ተጣመዋል፣ ጫፋቸው እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጧል። «እዚህ ብሎክ ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑ እየወደቀብን ተዋረድን» አሉ። «ጠበሉ ካዳነው በኋላ እንግዲህ ሥራ ይሥራ እንጂ።» ጠበሉ አዳነው ያሉት የምራቸውን ነው፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ይላሉ፤ አባቴም ተቃውሟቸው አያውቅም።

አንዱን ካስማ አንሥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ግንባሩ ተቋጠረ። «ማነው እንዲህ አድርጎ የሚተክለው? በድንጋይ ነው የምትደበድቡት? ይሄ እኮ ነውር ነው!» ካስማውን ጣለና «ቆዩኝ» ብሎ ወደ ደረጃው ሄደ።

ተከተልኩት። በአንደኛው ፎቅ አላረፈም። በሁለተኛውም አላረፈም። እኔ ነኝ እያለከለክሁ የደረስኩት። ስደርስ በሩ አጠገብ ተንበርክኮ የማዳበሪያውን ቋጠሮ በጥርሱ እየፈታ ነበር። ልብሱን አንድ በአንድ እያወጣ ወደ እኔ ወረወረው፣ ሸሚዙን፣ ጋቢውን፣ የመስገጃ ምንጣፉን። ከሁሉም ሥር የቆዳ ሽርጡንና ጉጠቱን አወጣ።

«ልብሱን ቁም ሣጥን ውስጥ አድርጊው» አለኝ ሽርጡን እያሰረ። ከዚያ ባዶውን ማዳበሪያ አራግፎ ሰጠኝ። «በዚህ ደግሞ ከሰል ግዢበት። ትልልቁን ምረጪ፤ ድቃቂውን ሊሰጡሽ ይፈልጋሉ፣ እንዳትቀበያቸው።»

ወረደ። እኔ ማዳበሪያው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ልብሱን ታቅፌ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ከታች መጣ፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። ገና ከእንቅልፉ የነቃ፣ ማታ ማታ የሚሠራ ሰው ነው።

«ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?» አለኝ ተቆጥቶ።

ሌላ ቀን ቢሆን የሚገባውን እሰጠው ነበር።

«አባቴ ነው» አልኩት። «ሥራ ላይ ነው።»